ሐምሌ የሚጸድቀው፣ መስከረም የሚታየው



የዛሬው የመምህራን ምረቃ በሰኔ መጨረሻ መዋሉ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል፤ የወረዳ ምክር ቤቶችም ለበጀት ይቀመጣሉ። የዛሬዎቹ ተመራቂዎች መስከረም ላይ የሚገቡበት ክፍል ጠመኔና መጽሐፍ ይኑረው አይኑረው የሚለየው ያኔ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል ከክፍያ ነጻ አደረገ። ሕፃናቱ ጎረፉ፤ ገንዘቡ ግን በዚያው ልክ አልተከተላቸውም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በትልልቆቹ ክልሎች በጀት ለወረዳ በብሎክ ግራንት ይወርዳል፤ ወረዳውም ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና ያከፋፍለዋል። ለትምህርት ከደረሰው አብዛኛው ደመወዝ ነው። ደመወዝ መከፈሉን የሚቃወም የለም፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጉድለት ለማቃለል በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀመር፣ መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚሉት ድጎማ መጣ። መነሻ ተመኑ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ተማሪ 50 ብር ነበር። ለሁሉም እኩል መሆኑ ፍትሐዊ ያስመስለዋል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን በዚያ ተመን 2,000 ሕፃናት ያሉት የከተማ ትምህርት ቤት 100,000 ብር ሲያገኝ፣ 200 ያሉት የገጠር ትምህርት ቤት 10,000 ብር ይደርሰዋል። የሚያፈስ ጣሪያ ለመቀየር ቆርቆሮው ለገጠሩ አይረክስለትም፤ እንዲያውም የመጓጓዣው ይጨመርበታል። የከተማው ወላጅ ጥሬ ገንዘብ ያዋጣል፤ የገጠሩ ብዙውን ጊዜ እንጨት፣ ድንጋይና ጉልበቱን። (መዋጮው «በፈቃደኝነት» ነው ይባላል፤ በምዝገባ ሰሞን ደረሰኝ የተጠየቀ ወላጅ ፈገግ ሳይል አይቀርም።)

የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ከ3,106 ትምህርት ቤቶች በ1,328ቱ አንድም ተማሪ 50 በመቶ አላመጣም። ተጠያቂው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነትም፣ የፈተናው አሰጣጥ መጥበቁም አለበት። ይሁንና ኬሚስትሪን ቤተ ሙከራ ሳያይ በቃል የሸመደደ ልጅና በእጁ ሞክሮ የተማረ ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው የቀረበላቸው።

ብራዚል ለዚህ የገጠርና የከተማ ልዩነት ሕግ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረውና በ2020 በሕገ መንግሥቱ ቋሚ የሆነው ፉንዴብ የተባለ ፈንድ ገንዘብ የሚያከፋፍለው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ሆኖም የገጠር ተማሪ ከከተማው፣ ልዩ ፍላጎት ያለውም ከሌላው የላቀ ክብደት ተሰጥቶት ይቆጠራል። ከተቀመጠው ወለል በታች ለሚቀሩ አካባቢዎች የፌዴራል መንግሥቱ ይሞላል። በኢትዮጵያም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የክልሎችን ድጎማ ቀመር ሲያወጣ የወጪ ፍላጎትን ይመዝናል። ያ ምዘና እስከ ትምህርት ቤቱ በር መውረድ አለበት።

ገንዘቡስ መውረዱን ማን ያያል? በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ለትምህርት ቤቶች ከተመደበው የተማሪ ድጎማ በአማካይ የደረሰው 13 በመቶ ብቻ እንደነበር ጥናት አጋለጠ። መንግሥት ለየወረዳው የላከውን በጋዜጣ ማውጣት፣ የደረሰውንም በትምህርት ቤት ግድግዳ ማስለጠፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ አለፈ። ለውጡ ሁሉ የጋዜጣው ውጤት አይደለም ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ የሒሳብ አያያዝም አብሮ ተስተካክሎ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ወላጅ ስንት ብር እንደተላከ ሳያውቅ የት ደረሰ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም።

ተመራቂዎቹ በሚመደቡበት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አለ። የድጎማውን መጠንና የገባበትን ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ አንድ ወረቀትና ጥቂት ሙጫ ይበቃል። ፊት ለፊት የተቀመጡት የወረዳ ፋይናንስና ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ በሐምሌው ጉባኤ ከመንገድ ለራቁ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች የተለየ የሥራ ማስኬጃ ይዘው ይቅረቡ።