የአምስት ብሩ ዳኛ
(ቡታጅራ ላይ የቀረበ ዲስኩር)

የተሰጠኝ ርእስ «ምክር ቤታችን በወንጀል ፍትሕ ረገድ የትኛውን ሕግ ያስቀድም» የሚል ነው። ክልላችን በነሐሴ 2015 የተመሠረተ ገና ለጋ ክልል ስለሆነ ጥያቄው ወቅታዊ ነው። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ከአእምሮዬ ካልወጣች አንዲት አንቀጽ ልነሣ፤ ወደ ርእሱ እመለሳለሁ።

የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓታችን የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 223ን ግለጡ። ስድብ፣ ቀላል ድብደባ፣ ጥቂት የንብረት ጉዳት፣ ዋጋው ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆት ሲገጥመው አጥቢያ ዳኛው በተቻለ መጠን አስታርቆ ይጨርስ ይላል። እርቁ እንቢ ካለ ከ15 ብር ያልበለጠ መቀጫ ይጥላል። ሣቃችሁ፤ እውነት ነው፣ ዛሬ በ5 ብር መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሲኒ ቡና አታገኙም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሐሳቡ ነው። ሕግ አውጪው የጎረቤት ጠብ የፖሊስ መዝገብ ከመሆኑ በፊት እዚያው ሰፈር እንዲያልቅ ፈልጎ ነበር። ከዚያ አጥቢያ ዳኛው ቀረ፤ በደርግ ዘመን የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ መጣ፣ ኋላ ደግሞ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት። አንቀጹ ግን ዳኛውን እየጠበቀ መጽሐፉ ውስጥ አለ።

ከዓመታት በፊት የሁለት በርበሬ ገበሬዎች ጉዳይ ገጠመኝ። የአንደኛው ላም የሌላውን መደብ ረገጠች፤ ዱላ ተነሣ፤ ግንባር ተፈነከተ። በሳምንቱ ሽማግሌ ገባ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ተቃቅፈው ቡና ጠጡ። መዝገቡ ግን አልታረቀም። በየቀጠሮው ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ይመጣሉ፤ አንዱ ምስክር፣ አንዱ ተከሳሽ ሆነው ይቆማሉ፤ ሲወጡ ደግሞ የባጃጁን ሒሳብ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያሉ ይጓተታሉ። ቀጠሮው የገበያ ቀን ላይ ከዋለ በርበሬው ሳይሸጥ ያድራል።

ታዲያ ሁሉን ለሽማግሌ እንስጥ ልል ነው? አይደለም። የሰባት ቤት ጉራጌን የጆካ፣ የክስታኔን ጎርደና ሴራ ያህል የሸንጎ ሥርዓት ያላቸው ሕዝቦች ብዙ አይደሉም፤ በዚህ እኮራለሁ። ግን እዚሁ ያላችሁ እህቶቼ የቃቄ ውርድወትን ታስታውሱኛላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቺ ሴት፣ ባል ካልለቀቃት ሌላ እንዳታገባ የሚያስራትን ደንብ ይዛ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆማለች። ሸንጎው ላይ የተቀመጡት ወንዶች ነበሩ፤ ተሟጋቿ ራሷ። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ የነበረውም በሽማግሌ ደንብ ብቻ አይደለም፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጽፎ ነበር። ያንን ቀዳዳ የዘጋው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ ጠለፋና መድፈር ወደ ምንጣፍና ጀበና እንዳይመለሱ አደራ።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው፤ ወደ ርእሱ ልሩጥ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ላይ የባህልና የሃይማኖት ዳኝነትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው፤ ወንጀልን አልጠቀሰም። አንቀጽ 55(5) ደግሞ ክልሎች የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ባልሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ብቻ የወንጀል ሕግ እንዲያወጡ ፈቀደ። እንግዲህ ምክር ቤታችን ያለው መስክ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም የሚታረስ ነው። ኦሮሚያ በ2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁማለች፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ሄዶ ማየት ይጠቅማል።

እኔ የማስቀድመው መጀመሪያ፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች የተደረገ እርቅ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ በተበዳዩ ነጻ ፈቃድ መደረጉ ተረጋግጦ፣ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ በደንብ መወሰን ነው። ቀጥሎ በየወረዳው ለተከላካይ ጠበቃ በጀት መመደብ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ቃል የገባው ያለ ሰው አይፈጸምም። ሦስተኛው፣ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው ታስሮ የሚቆይበት የጊዜ ቀጠሮ ነው። የ1954ቱ ሕግ ቁጥር 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አልወሰነም። ያንን ምክር ቤቱ አይቀይረውም። በየሦስት ወሩ ግን ከየፖሊስ ጣቢያው ስንት ሰው ለስንተኛ ጊዜ ተቀጥሮ እንደቆየ በቁጥር እንዲቀርብለት ሊያዝዝ ይችላል። ለዚህ አዲስ አዋጅ እንኳ አያስፈልገውም።