ፉከራን እንደ ምስክርነት ማድመጥ



በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል በአዲስ አበባ ሲከበር፣ ጎፈር ያጠለቁና ጋሻና ጦር ያነገቡ ወጣቶች በ1888 ዓ.ም. የዘመተውን ሠራዊት መስለው ሲሸልሉና ሲፎክሩ እናያለን። ከታዳሚው መካከል ቆሜ ስሰማ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ የሚናገረው ማን ነው?

ሽለላ በዜማ ይባላል፤ ፉከራ ግን በፍጥነት የሚወርድ ንግግር ነው። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፤ ወገኑንና የዋለበትን ውጊያ ይቆጥራል። ቀድሞ ይህን የሚያደርገው አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ነበርና ያልሠራውን ሠራሁ ቢል የሚያሳፍረው አይጠፋም። ፉከራ በምስክሮች ፊት የሚሰጥ ቃል ነበር።

የዛሬው ፎካሪ ያልዋለበትን ውሎ «እኔ» እያለ ይተርካል። ይህ ነውር የለበትም፤ ትውስታ የሚወረሰው እንዲህ ነው። ሆኖም ምስክሮቹ ካለፉ በኋላ ቃሉን የመመርመር ኃላፊነት በእኛ በተመራማሪዎች ላይ ወድቋል።

እምቢልታን አስቡ። የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንድ ነፊ ብቻውን ዜማ አይሞላለትም፤ ሌሎቹ በየተራ ድምፃቸውን ሲያክሉበት ነው ዜማ የሚሆነው። የዓድዋ ዝክርም እንደዚሁ ነው። የተዋጊው ድምፅ ይሰማል፤ ስንቅ ያሰናዱት ሴቶችና ጭነት ያጓጓዙት ሰዎች ድምፅ ግን በአደባባዩ እምብዛም አይሰማም።

እናም ተማሪዎቼ፣ በመጪው የካቲት የፎካሪውን ምስል ብቻ ቀርጻችሁ አትመለሱ። «ይህን ቃል ከማን ተማርከው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከነቦታው መዝግቡ። ያልተሰሙትን የምናገኘው ከዚያ ተነሥተን ነው።