የለቀቀው ቀለም
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሻርፑ ጉዳይ ነው። ሰው በየደጁ እያወራው ስለሆነ፣ እኛ ኮሚቴዎቹ ራሳችን ብንናገረው ይሻላል ብለን ነው።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት ከመስቀል በፊት ከማኅበሩ ሣጥን ገንዘብ አውጥተን አቡጀዲና የቀለም ዱቄት ገዛን። ሴቶቻችን ጨርቁን በክር እያሰሩ ቀለም ውስጥ እየነከሩ 22 ሻርፕ ሠሩ። ሲፈታ ማየት ነበር! ያልታሰረው ቀለሙን ጠጥቶ፣ የታሰረው ነጭ ሆኖ ቀርቶ፣ እንደ ፀሐይ ጨረር ወጣ። አንዱን በ250 ብር ሸጥን። የመስቀል ዕለት ሰው ነጩን ለብሶ ሻርፑን ጣል አደረገ። ላብ ሲነካው ቀለሙ ነጩ ልብስ ላይ ወረደ። 14ቱ ተመልሶ መጣ፤ 3,500 ብር መለስን። የተበላሸውን ልብስ ግን ማን ይመልሰዋል? ሴቶቹ አይወቀሱ። ሳይታጠብ፣ ሳይሞከር ይሸጥ ያልነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ ጠየቅን፣ ሞከርንም። ዋናው ጥፋት ዱቄቱ ነበር። ለሱፍ የሚሆን ቀለም ጥጥን አይዝም፤ ውሃ ሲያገኝ ይሄዳል። ሻጩ ለሁሉም ይሆናል አለን፣ እኛም አመንን። ለቀቅ ሲል ሆምጣጤ ጨምሩበት ያሉንም ነበሩ፤ ሆምጣጤ ለሱፍ እንጂ ለጥጥ አይረዳም። ለጥጥ የሚሆነው በሙቅ ውሃና በጨው የሚገባው ቀለም ነው። ሌላው፣ አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ሙጫ ይዞ ይመጣል። በሳሙና ተቀቅሎ ካልታጠበ ቀለሙ ወደ ውስጥ አይገባም። ጥጥ መሆኑን የተጠራጠረ አንድ ክር መዝዞ ያቃጥል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይበናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይደርቃል። እሱን ተዉት።

ለማሰሪያ ከደጋ የሚመጣውን የእንሰት ቃጫ ሞክረን ከክር በለጠብን፤ ጠበቅ ይላል፣ ውሃ ውስጥም አይላላም። በቆሎ ወይም ባቄላ ውስጡ አስገብቶ ማሰር ትንንሽ ክብ ያወጣል። አንዳንዶቻችሁ እንደ እብነ በረድ የሚዥጎረጎረውን ጠይቃችኋል፤ እሱ ከሁሉም ይቀላል፤ እርጥቡን ጨርቅ እንደ ኳስ ጨምድዶ ዙሪያውን ማሰር ብቻ ነው። ለግማሽ ኪሎ ጨርቅ አንድ የሻይ ብርጭቆ ጨው ጨምረን፣ ለስለስ ባለ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል እያማሰልን፣ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዲበርድ እንተወዋለን። ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል ሳይፈታ ይታጠባል። መፍታት በመጨረሻ ነው፤ እዚህ ላይ መቸኮል ነጩን ያበላሻል። እርድ ቤታችን ስላለ ሞክረነዋል፤ ቢጫው ያምራል፣ ግን የኛ ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል።

የነከራችሁበት ድስት ወጥ አይሠራበትም። ዱቄቱን ስታሟሙ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ልጆች ይራቁ። ቀለም ያለበት ውሃ ወደ ቦይ አይደፋ። ቦዩ ወደ ሙዙ፣ ከዚያም ወደ ዓባያ ነው የሚሄደው። ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ባለ ቦታ ጉድጓድ ይቆፈርለት።

አንድ የዶርዜ ሸማኔ አባት ሥራችንን አይተው፣ «የዱንጉዛ ቀለም ከክሩ ነው፣ የናንተ ከላይ የተቀባ ነው» ብለውናል። ትንሽ ከፋን፣ ግን ልክ ናቸው፤ ቀዩም ቢጫውም ጥቁሩም ክሩ ላይ ሆኖ ነው የሚሸመነው። እኛ ዱንጉዛን ልንተካ አልተነሣንም። በናይጄሪያ የዮሩባ ሴቶችም ይህንኑ ሥራ «አዲሬ» ይሉታል፤ አስሮ መንከር ማለት ነው። ይኖሩበታል እኮ፣ ያውም ከሸማኔዎቻቸው ጎን። ጥጡ እንደሆነ በቆላችን ይበቅላል።

ከእንግዲህ ማንኛውም ሻርፕ ሦስት ጊዜ ሳይታጠብና በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሳይታሽ አይሸጥም። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ሻርፑ ለቤት ይሁን። ነጭ ልብሳቸው የተበላሸባቸው ሰዎች ገንዘብ ያዢዋ ዘንድ ይመዝገቡ፤ ከመጀመሪያው ሽያጭ ለእነሱ ይከፈላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደገና እንነክራለን። ያረጀ ትልቅ ድስት ያለው ይዞ ይምጣ፤ ቃጫውን እኛ እናመጣለን።