የመጻሕፍት ካታሎግና የኢንተርኔት መፈለጊያ

ጥናት የሚጽፍ ተማሪ ዛሬ ሁለት በሮች ተከፍተውለታል፤ አንደኛው የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ፥ ሁለተኛው የኢንተርኔት መፈለጊያ ነው።

ካታሎግ መጽሐፉን የመረመረ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ደራሲውን፥ አርእስቱን፥ የታተመበትን ዘመንና ጉዳዩን ለይቶ ይመዘግባል። ኢትዮጵያዊውን ደራሲ የሚያስገባው በአባቱ ስም ሳይሆን በራሱ ስም ነው፤ ስለዚህ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚፈለገው «ሐዲስ» ከሚለው ስም ሥር እንጂ «ዓለማየሁ» ከሚለው አይደለም። ስሙ በ«ሐ» ቢጻፍ ወይም በ«ሀ»፥ ጠንቃቃ መዝጋቢ ሁለቱን ወደ አንድ ሰው ይመራቸዋል።

በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን ጉግልን የመሰለ መፈለጊያ ግን የገጾችን ቃላት ሰብስቦ፥ ሌሎች ገጾች ምን ያህል እንደሚጠቁሟቸውና ሌሎችንም ምልክቶች እየመዘነ ይደረድራል። ፍጥነቱና ስፋቱ የሚናቅ አይደለም፤ በመጽሐፍ ውስጥ የተሸሸገውን አንድ ቃል እንኳ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ከሁሉ በላይ የተደረደረው ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ በመደርደሪያ ብቻ የሚገኙ የአማርኛ መጻሕፍት ይዘትም አይደርሰውም።

እንግዲህ ተማሪው በመፈለጊያው ይጀምር፥ በካታሎጉ ያጣራ፤ ማን ጻፈው፥ መቼ፥ ከምንስ አገኘው ብሎ ይጠይቅ። ይህን መጠየቅ ሳያስተምሩ «ጥናት ጽፈህ አምጣ» ማለት ተማሪውን መገልበጥ ማስለመድ ነው።