ጨጓራ ሲደማ ጥፋቱ የጉበት ሲሆን

በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሺንሺቾ ከጽሕፈት ቤት ወንበሩ ላይ ሆዱን የሚያቃጥለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የጨጓራ አይደለም።

ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚወጣው ደም በአንድ ታላቅ የደም ሥር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበት ጠባሳ ይዞ ሲደነድን ደሙ መተላለፊያ ያጣል፤ እንደ ተገደበ ወንዝም ወደ ኋላ ይተኛል። ያን ጊዜ የጨጓራው የውስጥ ሽፋን በታቈረ ደም ያብጣል፤ ከአሲድ የሚጠብቀው ዝልግልግ ፈሳሽ ይሳሳል፤ ቍስሉም ቶሎ አይጠግም። በአፍ በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ ሲታይ የእባብ ቆዳ ይመስላል። በጥቂት በጥቂቱ የሚደማው ይህ ሽፋን ነው። ምንጩ የደሙ ግፊት ስለሆነ አሲድ የሚቀንስ ኪኒን ብቻውን አይፈውሰውም።

ለዚህ ከሚያደርሱት መካከል የጉበት ቫይረስ፣ መጠጥና ቢልሃርዝያ ይገኛሉ። (አረቄ ለጨጓራ ይበጃል የሚሉትን አትስሟቸው።) ቢልሃርዝያ ከሩቅ ይመጣል፤ ዛሬ በዝውውር ሆሳዕና የሚሠራ ሰው በልጅነቱ በጣና ዳር ወይም በዓድዋ ወንዝ ዋኝቶ ይሆናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የበሽታውን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያስተዋሉት በዚያው በዓድዋ ነበር።

ጉበቱን የታመመ ሰው ለራስ ምታት ብሎ አስፕሪን ወይም ዲክሎፌናክ አይዋጥ፤ የሳሳውን ሽፋን ይብሱን ያሳሱታልና። ግፊቱን ለመቀነስ ሐኪም ፕሮፕራኖሎል ያዝዝ ይሆናል። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ቢጠቍር ወይም ደም ብታስታውኩ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለላችሁ።