ጣውላው ሳይደርቅ ምስማር አይመታ

(ቤት ስለ ማደስ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጣውላ ወለል ነው። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ አፋፍ የምንኖር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች ብርዱን እናውቀዋለን። እግር የማያቀዘቅዝ ወለል ለማግኘት ሲል በሬ የሸጠ፣ እቁብ የገባ፣ ልጁ ከውጭ አገር የላከለትን ገንዘብ ያዋለ አለ። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ወለል ዓመት ሳይሞላው ጠርዝ ጠርዙ ብድግ ሲል፣ ምስማሩ ሲነቀል፣ በመካከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሲታይ ያሳዝናል። ባለቤቱ አናጢውን ይወቅሳል፤ አናጢው ጣውላ ሻጩን ይወቅሳል። የነገሩ ሥር ግን ውኃው ነው።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት የሚይዘው ውኃ የደረቁን እንጨት ክብደት ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህ ውኃ ከመቶ 30 እጅ ገደማ በታች ሲወርድ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል። መኮማተሩም በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ጣውላ የሚቆለመመው በዚህ ምክንያት ነው።

በእጃችን ያለው እንጨት ደግሞ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ባይኖር ቤት መሥራት በቸገረን ነበር። ይሁን እንጂ ሲደርቅ ብዙ የሚኮማተር፣ ገና በመጋዝ ሲሰነጠቅ የሚጎብጥ እንጨት ነው። ለአጣና የተተከለው ለጋ ዛፍ ሲሆን ይብሳል። ስለዚህ ለወለል በዕድሜ የበሰለ፣ ወፈር ያለ ግንድ ይመረጥ፤ ከግንዱ እምብርት የወጣውም ጣውላ ለሌላ ሥራ ይዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ዛፉ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጥ። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይደርደር። በየረድፉ መካከል 2 ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት ያላቸው ደረቅ ቁራጮች በየ50 ሳንቲሜትሩ ይግቡ፤ ቁራጮቹም ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ይዋሉ። ከላይ ድንጋይ ይጫን፤ ጫፎቹ እንዳይተረተሩ ቀለም ይቀቡ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ለበርበሬ ነው እንጂ ለጣውላ አይሆንም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

ሁለተኛ፤ «ሦስት ወር ቆይቷል» የሚለው ቃል አይበቃም። አንድ ጣውላ ምልክት ተደርጎበት በየሁለት ሳምንቱ ይመዘን፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአየሩ ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው። ይበልጥ ማረጋገጥ የፈለገ ከጣውላው መካከል ቁራጭ ወስዶ ይመዝን፤ ከዚያም ሳይቃጠል በምድጃ ሙቀት አድርቆ እንደገና ይመዝን። እርጥቡ 600 ግራም፣ ደረቁ 500 ግራም ከሆነ፣ የወጣው ውኃ የደረቁ 20 በመቶ ነው፤ ይህ ገና ነው። ወደ 12 በመቶ ሲጠጋ ለወለል ይበጃል። ወፍራም ጣውላ ሁለተኛ በጋ ሊፈልግ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ቤቱም ይድረቅ። አዲስ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ፣ አዲስ የፈሰሰ ሲሚንቶ እርጥበቱን ለጣውላው ያወርሰዋል። ጣውላውም ከመመታቱ በፊት በዚያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ። በደጋ የደረቀው ቆላ ሲወርድ እንደገና ይኮማተራልና።

አራተኛ፤ ሰፊ ጣውላ ይበልጥ ስለሚቆለመም ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ስፋት ይበቃል። በየሞራሌው ላይ ሁለት ሁለት ምስማር ይመታ። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሳንቲሜትር ክፍተት ይተው፤ በክረምት ሲያብጥ መሄጃ ያገኛል፤ ዞኮሎውም ይሸፍነዋል። ከወለሉ ሥር አየር እንዲያልፍ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ቀዳዳ ይበጅ፤ አይጥ እንዳይገባ ሽቦ ይደረግበት።

አምስተኛ፤ ከተሠራም በኋላ ጥንቃቄ ያሻል። ለቡና የተጎዘጎዘው እርጥብ ቄጠማ ሲያድርበት፣ ወለሉ በባልዲ ውኃ ሲታጠብ ጣውላው ይጠጣዋል። የሚያፈሰው ጣራም አስቀድሞ ይጠገን። በላሊበላ አካባቢ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨቱ ከድንጋይ ጋር ተነባብሮ የተሠራ ነው፤ በዋሻ ውስጥ ከዝናብ ተጠልሎ ከ800 ዓመት በላይ ቆይቷል። እንጨት ከውኃ ከዳነ ዕድሜው ረጅም ነው።

«እኛ ድሆች ነን፤ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት እንጠብቅ?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። መጠበቅ ያልቻለ ሰው ከፊል የደረቀውን በጥቂት ምስማር ብቻ አያይዞ አንድ በጋ ይቆይበት፤ በኋላ ነቅሎ፣ አጠጋግቶ፣ ለዘለቄታው ይምታው። ድካም ነው፤ ግን ሁለተኛ ጣውላ ከመግዛት ይሻላል።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሣር ክዳንም ይሁን አሮጌ ቆርቆሮ አዋጥተን አንድ የጋራ ጣውላ ማድረቂያ ዳስ እንሥራ። ወለል ሊሠራ ያሰበ ሁሉ ጣውላውን በጥቅምት ያስገባ፤ ሚዛን ያለውም ያውሰን። በሚመጣው ስብሰባ ተነጋግረን እንወስናለን። እስከዚያው አደራ፤ እርጥብ ጣውላ ላይ መዶሻ አናንሣ።