ሳይበጠስ መለወጥ፤ ስለ ሚኒባስ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት የጋራዥ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤት የሚያደርሰን፣ ማታም ወደ ቤታችን የሚመልሰን አብዛኛውን ጊዜ ሚኒባስ ነው። ከመካከላችንም ከደመወዙ ቆጥቦ ወይም የእቁብ ዕጣ ደርሶት ገንዘቡን በዚሁ ሥራ ላይ ያዋለ ሰው አይጠፋም። የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች የጥገና ሒሳብ በእጁ የሚያልፍ የሥራ ኀላፊም ያደምጠኝ ይሆናል። እንግዲህ በብዙዎቹ የናፍታ ሚኒባሶች ውስጥ ከዐይን ተሰውሮ የሚሠራ፣ ስፋቱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ አንድ የላስቲክ ቺንጋ አለ። ይህ ቺንጋ በጊዜው ከተለወጠ ማንም ሳያውቀው ያገለግላል፤ በጊዜው ካልተለወጠ ግን ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፤ ሞተሩንም ይዞ ይሄዳል።

አስቀድሜ የአንድ ወዳጄን ታሪክ ላጫውታችሁ። ይህ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ ለረጅም ዘመን ያገለገለ፣ ጠንቃቃና ቆጣቢ ሰው ነው። የጡረታው ጊዜ ሲቃረብ የእቁቡን ገንዘብ ከብድር ጋር ደርቦ አንድ ያገለገለ የናፍታ ሚኒባስ ገዛ። ሐሳቡም ከሚኒባሱ በሚገኘው ገቢ ሁለት ልጆቹን አስተምሮ ለቁም ነገር ለማብቃት ነበር። በግዢው ዕለት ሻጩን «ቺንጋው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሻጩም «አይ ጋሼ፣ አዲስ ነው፤ ከተለወጠ ወር አልሞላውም» አለና የፊቱን ወንበር አንሥቶ ሞተሩን አሳየው። ወዳጄም ጎንበስ ብሎ ቢመለከት በእርግጥ ጥቁርና አዲስ ቺንጋ አየ፤ ልቡም ረጋ።

ሚኒባሱ ሰባት ወር ያህል በደኅና ሠራ። በስምንተኛው ወር፣ በአንድ ማለዳ፣ ሰው ሞልቶ ዳገት በመውጣት ላይ ሳለ ሞተሩ አንድ ጊዜ ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ። ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ረዳቱና መንገደኞቹም ወርደው ገፉት፤ ሞተሩ ግን አልነሣም አለ። ተጎትቶ ጋራዥ ከደረሰ በኋላ ሲከፈት፣ ሻጩ ያሳየው አዲሱ ቺንጋ እንደ ነበረ አለ። የተበጠሰው በሽፋን ውስጥ የተሰወረው ሌላው ቺንጋ ነበር። ቫልቮቹ ተጣምመዋል፤ ፒስተኖቹ ተመትተዋል፤ ቴስታታውም ወርዶ ረጅም ጥገና አስፈለገው። ሚኒባሱ ሁለት ወር ቆመ፤ የብድሩ ክፍያና የልጆቹ ትምህርት ቤት ወጪ ግን አልቆሙም። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ፣ «ሻጩ ዋሽቶኛል ለማለት እንኳ አልቻልሁም፤ የጠየቅሁት ስለ ቺንጋ ነው፤ ያሳየኝም ቺንጋ ነው» አለኝ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ በሞተር ላይ ያሉት ቺንጋዎች አንድ ዐይነት አለመሆናቸውን ነው። ከውጭ የሚታየው ቺንጋ ማራገቢያውን፣ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ነው። እርሱ ሲላላ ይጮኻል፤ ሲበጠስም የባትሪው መብራት ይበራል፤ ሞተሩም መጋል ይጀምራል፤ ሾፌሩ ቶሎ ካቆመ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ታይሚንግ ቺንጋ ወይም ታይሚንግ ቤልት የሚባለው ግን በሞተሩ ፊት በሽፋን ውስጥ ይኖራል። ውስጣዊ ገጹ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ እነዚህም ጥርሶች በጥርሳም መዘውሮች ላይ ገጥመው ሳይንሸራተቱ ይዞራሉ።

ሥራው ምንድን ነው? ሞተር አራት ነገሮችን በተራ ይፈጽማል፤ አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ነዳጁን አቃጥሎ ጉልበት ይሰጣል፣ በመጨረሻም ጭሱን ያስወጣል። ፒስተኑ ከታች ክራንክሻፍት ከሚባለው ዋና ዘንግ ጋር ተያይዞ ሲወጣና ሲወርድ፣ ከላይ ደግሞ ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ቫልቮቹን በየተራቸው ይከፍታቸዋል። ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር የላይኛው አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ይህን ስምምነት ጠብቆ ሁለቱን የሚያስተሳስር ያ ጥርሳም ቺንጋ ነው። በብዙ የናፍታ ሞተሮች ላይም ናፍታ የሚረጨውን ፓምፕ ጭምር ያዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በአንዲት ሰኮንድ ውስጥ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። እንዲህ ባለ ፍጥነት ላይ የጥቂት ጥርሶች መሳሳት እንኳ ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያስቸግርም።

የናፍታ ሞተር ደግሞ ጠባዩ ከቤንዚኑ ይለያል። ናፍታውን የሚያቀጣጥለው የእሳት ብልጭታ ሳይሆን የታመቀው አየር ሙቀት ነው። ለዚህም አየሩ እጅግ መታመቅ አለበት፤ ኤል በሚባሉት የቶዮታ የናፍታ ሞተሮች ላይ ከሃያ እጥፍ በላይ ይታመቃል። ስለዚህ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚቀረው ክፍተት ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ብቻ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ላይኛው ዘንግ ባለበት ይቆማል፤ ከቫልቮቹም አንዳንዶቹ እንደ ተከፈቱ ይቀራሉ። ዋናው ዘንግ ግን ገና አልቆመምና ፒስተኖቹን ወደ ላይ ይሰዳቸዋል። ግጭቱ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ከቤት አንድ ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ «ሲያረጅ ምልክት ካሳየ ያን ጊዜ ብንለውጠውስ?» የሚል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፤ ጎማ ሲያልቅ በዐይን ይታያል። የታይሚንግ ቺንጋ ግን ጉልበቱን የሚያገኘው በላስቲኩ ውስጥ ከተቀበሩት ቀጫጭን የመስተዋት ጭረት ገመዶች ነው። እነዚህ ገመዶች በውስጥ እየደከሙ ሲሄዱ ላዩ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ስንጥቅ ወይም የተበላ ጥርስ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል። ስለዚህ የሚለወጠው በምልክት ሳይሆን በልክ ነው።

ልኩ ስንት ነው? በአገራችን ከተሞች በብዛት የምናየው ሚኒባስ ቶዮታ ሃይስ ነውና እርሱን ምሳሌ ላድርግ። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት የናፍታ ሞተሮች ላይ የተለመደው ልክ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከእነርሱ በኋላ በመጡት፣ ዲፎርዲ በሚባሉት የኬዲ ሞተሮች ላይ ደግሞ 150,000 ኪሎ ሜትር ነው። በቤንዚን የሚሠሩት ብዙዎቹ የሃይስ ሞተሮችና አዲሶቹ የጂዲ ናፍታ ሞተሮች ግን በቺንጋ ፈንታ የብረት ሰንሰለት ስላላቸው ይህ ልክ አይመለከታቸውም። ስለዚህ ባለንብረቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሞተሩን ዐይነት ለይቶ የፋብሪካውን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከት።

ይህን ወደ ቀን መቁጠሪያ ብንለውጠው፣ በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታክሲ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 45,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መቶው ሺሕ ኪሎ ሜትር ሁለት ዓመት ከሩብ ሳይሞላው ያልቃል ማለት ነው። ወዳጄ ሚኒባሱን ሲገዛ ይህን ሒሳብ አላደረገም፤ የሒሳብ ሰው ሆኖ ሳለ።

ከዚህም በላይ ኪሎ ሜትሩ የማይቆጥረው ሥራ አለ። ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተሩ ሳይጠፋ በተራ ማስጠበቂያ የሚቆመው፣ በመንገድ መጨናነቅ የሚንፏቀቀው፣ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ የሚወጣው ሚኒባስ ጥቂት ኪሎ ሜትር እየሄደ ቺንጋውን ብዙ ጊዜ ያዞራል። ስለዚህ የከተማ ታክሲ ልኩ ሳይሞላ ቀደም ብሎ ቢለውጥ ብልኅነት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ብዙ የማይንቀሳቀስ የመሥሪያ ቤት መኪና ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃልና ዓመታቱ ሊቆጠሩ ይገባል። ዘይትም የቺንጋ ጠላት ነው። በዘንጎቹ ጫፍ ያሉት የዘይት ማገጃ ጎሚኒዎች አፍስሰው ቺንጋው ዘይት ከነካው፣ ትናንት የታሠረ ቢሆንም መለወጥ አለበት። ሽፋኑ ተሰብሮ አቧራና ጠጠር የሚገባበትም ቺንጋ ዕድሜው ያጥራል።

በብዙዎቹ የናፍታ ሃይሶች ዳሽቦርድ ላይ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራች አንዲት መብራት አለች። ነገር ግን ይህች መብራት ቺንጋውን አታየውም፤ ኪሎ ሜትር ብቻ ትቆጥራለች። ስትበራ «ልኩ ደርሷል» ትላለች እንጂ «ቺንጋው ታሟል» አትልም። ቺንጋው ሳይለወጥ እርሷን ብቻ ማጥፋት ለሚያውቅበት ሰው ቀላል ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሚኒባስ ሲገዛ የመብራቷ መጥፋት ምስክር ሊሆን አይችልም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ቢሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ የሰፈረ ማስረጃ ከሌለ፣ ጠቢብ ገዢ የታይሚንግ ቺንጋውን የዋጋው ክፍል አድርጎ ይቈጥርና በመጀመሪያው ሳምንት ያስለውጠዋል።

ሲለወጥም ቺንጋው ብቻ አይበቃም። ቺንጋውን የሚወጥረው መዘውር በውስጡ ኩሽኔታ አለው። ኩሽኔታው ቢይዝ ወይም ቢሰበር አዲሱ ቺንጋ ከአሮጌው ፈጥኖ ይጠፋል። ስለዚህ መወጠሪያውና የዘይት ጎሚኒዎቹ አብረው ይታዩ፤ ባይሻል አብረው ይለወጡ፤ የጉልበቱ ዋጋ አንድ ጊዜ ነውና። መለዋወጫውም ከታወቀ ቦታ ይገዛ፤ በርካሽ የተገዛ አስመሳይ ቺንጋ ርካሽነቱ እስኪበጠስ ድረስ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሜካኒኩ መዘውሮቹ ላይ ያሉትን ምልክቶች አጋጥሞ፣ ሞተሩን በቁልፍ ከማስነሣቱ በፊት ዋናውን ዘንግ በእጅ መፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙረው። ምልክቶቹ ተመልሰው ከተጋጠሙና በመካከሉ የሚያግድ ነገር ካልተሰማው ሥራው ትክክል ነው። ባለንብረቱ ቆሞ ይህን ብቻ እንኳ ቢመለከት ብዙ ይጠቀማል።

ለሾፌሮችም አንድ ቃል አለኝ። ሞተሩ በጉዞ ላይ ድንገት ጸጥ ካለና ታይሚንግ ቺንጋ ከተጠረጠረ፣ ቁልፉን ደጋግሞ ማዞርም ሆነ መኪናውን ገፍቶ ለማስነሣት መሞከር ቀሪዎቹን ቫልቮች ማጣመም ነው። የወዳጄ ሚኒባስ ጉዳት የከፋው በዚህ ጭምር ነው። ከንብረቱም የሚበልጥ ነገር አለ። ሞተር ሲቆም መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ የሞተሩን እርዳታ ያጣና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይህ በሜዳ ሲሆን ያስደነግጣል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲሆን ግን የአሥራ ሁለት ሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።

የዚህ ቺንጋ ታሪክ ረጅም አይደለም። በብዛት በሚመረት አውቶሞቢል ሞተር ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1962 ግላስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በሠራው መኪና ነው። ከብረት ሰንሰለት ይልቅ ቀላልና ጸጥተኛ፣ ዘይትም የማይፈልግ በመሆኑ ተወደደ። ለዚህ ሁሉ ጥቅሙ ግን አንድ ዋጋ ይጠይቃል፤ ይኸውም በልኩ መለወጥ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ይህ ቺንጋ የለውም። በአገራችንም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። ይህ ማለት ግን በእጃችን ያሉት የናፍታ ሞተሮች ነገ ይቀራሉ ማለት አይደለም። ያረጀ ሞተር በያዘ ሰው ላይ የጥንቃቄው ግዴታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በመጨረሻ የምለምነው ነገር ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚቀል ነው። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ቀንና ቍጥር ሳንሰጥ አናወጣም። ቺንጋም ሲለወጥ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በወረቀት ተጽፎ በሽፋኑ ላይ ይለጠፍ፤ ግልባጩም በመኪናው መዝገብ ይግባ። የጥገና በጀት የሚያጸድቀውም ኀላፊ «መኪናው እየሄደ ስለ ምን ገንዘብ ይወጣል?» ብሎ ጥያቄውን አይመልሰው፤ ገንዘቡ የሚወጣው እየሄደ ስለሆነ ነውና። ወዳጄ ዛሬ በወንበሩ ሥር አንድ ትንሽ ደብተር አለው። አዲስ ሾፌር ሲቀጥር መጀመሪያ የሚያሳየው እርሱን ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን፣ እኛም ሳይበጠስ እንለውጥ።